ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቅ

ጥር 7

ጋሼ፣

የማሽን ክፍሉ ቁልፍ ትናንት ተወሰደብኝ።

ሰላምታውን ወደ ታች ስላወረድኩት አትቀየመኝ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን። እናታችንን ሳሉ ለቋታል፤ ድምጿ ገና አልተመለሰም። "ለቁጣ የሚበቃ ግን አለኝ" ትላለች፣ እውነቷን ነው።

ስልክ ያላነሳሁት ተቀይሜ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም። አንተና እኔ በስልክ ሦስት ቃል ከተለዋወጥን አራተኛው ጠብ ነው። ስንጻጻፍ ግን ፖስታው እስኪታሸግ ንዴቱ ይበርዳል። እናንተ ጋ ተከፈተ ስላልከው የሥራ ቦታ አሁን አልመልስልህም። ዛሬ "እመጣለሁ" ብል ሸሸች ይባላል።

የሆነው ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት በሆስፒታሉ ራጅ የሚታይባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደቁ። ከዚህ በፊትም ወድቀው ያውቃሉ፤ ጠፍተው ሲበሩ ይነሳሉ። በዚህኛው ግን ቀዶ ሐኪሙ የአንድ ሰው ዳሌ ከፍቶ ምስሉን እያየ ነበር። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጭ ጽሑፍም ወረደበት። ነርሷ አሮጌ ፊልም ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ሮጠች። ታካሚው ደህና ነው፤ ሐኪሙ ግን እጁን አንከርፍፎ የቆመበትን ጊዜ አልረሳውም።

እንደምታውቀው ምስሎቹ የሚቀመጡት በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ እየጠየቁት ያመጣሉ። ሰርቨሩም ኮምፒውተሮቹም በኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው። ባለፈው ወር ኮምፒውተሮቹ ላይ አንድ ነገር ቀይሬ ነበር፤ ቀደም ሲል ሰርቨሩ መልስ ሲያዘገይ ተገትረው እየጠበቁ ነበር፣ አሁን ጥቂት ጠብቀው ይተዉታል። መውደቁ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በስብሰባ ላይ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለና ቁልፉን ተቀበለኝ።

ደመወዜ አልተቋረጠም። ጠዋት ገብቼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ የመውጫ ሰዓት ሲደርስ እወጣለሁ። ልቆይ ወይስ ልሰናበት የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል። እነሱ ጥፋቱ የእጄ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ የማሽኑ ነው እላለሁ፣ ማስረጃ ግን የለኝም። አንተ የሲስተም ሰው ነህና ከየት ልጀምር?

ለእናታችን አልነገርኳትም። ስትጽፍላት እንዳታነሳው።

እህትህ

ጥር 13

እታለም፣

ጉልበቴ ሜዳ ላይ ሰው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ነው የሚያኮርፈው። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ።

ከደብዳቤሽ ኋላ በላክሽው መልእክት "አንተ ብትሆን ማንን ትጠረጥራለህ?" ብለሻል። ማንንም። መጀመሪያ ያን ነጭ ጽሑፍ አነባለሁ። እሱ የማሽኑ ኑዛዜ ነው። ሲሞት የት እንደነበረና ምን ይዞ እንደነበር ይናገራል። ሌላ ቦታ ተጽፎ አይቀመጥም ወይ እንዳትይኝ፤ የናንተ ኮምፒውተሮች የውሏቸውን ማስታወሻ የሚጽፉት እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋባቸው የሚጽፉበት የላቸውም። ያለው ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ችግሩ፣ ማሽን ሲወድቅ ያየ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ማጥፊያው ይሮጣል። ኑዛዜውን ሳታነቡ ትቀብሩታላችሁ፣ ከዚያ "ምን ገደለው?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ስለዚህ ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ እንዲህ የሚል፦ "ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ማንም እንዳይነካው። ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቅ።" አስተዳዳሪው ይፈርምበት። አንቺ አትፈርሚ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ለጊዜው ያንቺን ስም ያየ ሰው ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት ይቀደዋል።

እናታችን ጽፋልኛለች። "ልጅቷ ሰሞኑን በሰዓቷ ቤት ትገባለች፣ ምን ሆናብኝ ነው?" ትላለች። ሌላ ጊዜ በሰዓትሽ ገብተሽ አታውቂም ማለት ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ

ጥር 22

ጋሼ፣

ኮምፒውተሮቹ ትናንት ወደቁ። የስክሪኖቹ ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

"ማስታወቂያው አጣላን ማለት ምን ማለት ነው? አብራሪልኝ" ብለህ መልእክት ልከሃል። ላብራራልህ። አስተዳዳሪው ወረቀቱን አንብቦ ወዲያው ፈረመ፤ ገርሞኝ ነበር። በማግስቱ ስገባ ራጅ በሚነበብበት ክፍል በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። አንተ "ይጠበቅ" ስትል ሰው ይታገሥ ማለትህ ነበር። እሱ ጥበቃ ይመደብለት ብሎ አነበበው። ቃሉ ሁለቱንም ስለሚል ማንንም መውቀስ አልቻልኩም።

ዘበኛው ሻምበል ይባላል። ወታደር ቤት በደጁ እንኳ አልፎ አያውቅም፤ ሻምበል ያሰኘው አቋቋሙ ነው። ሐኪሞቹን ያሳልፋል፣ የወደቀ ነገር አለ ሲባል ግን በሩን ይዘጋል። ትናንት ማሽኖቹ ሲወድቁ ሮጬ ደረስኩ።

"የኔ እህት፣ መግባት የለም።"

"ሻምበል፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"አንቺ መሆንሽንማ አየሁ። ወረቀቱ ደግሞ ይኸው። ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቅ ይላል። እየጠበቅኩ ነው።"

"ባለሙያዋ እኔ ነኛ!"

"ባለሙያ ቁልፍ ይዞ ይመጣል ተብያለሁ። እስቲ ቁልፍሽን አሳዪኝ።"

ትንሽ ቆይቶ አስተዳዳሪው ራሱ መጣ፤ እንደ ልማዱ አጥፍቶ ሊያበራ።

"ጌታዬ፣ አይነካም።"

"የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"ለዚህ እኮ ነው የማከብረው፣ ጌታዬ።"

ነርሶቹ ቆመው ያዩ ነበር። አስተዳዳሪው በሰው ፊት የገዛ ፊርማውን መሻር አልፈለገም፤ ከውጭ ድርጅት ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው እስኪመጣ ግማሽ ቀን አለፈ። ራጅ ክፍሉ "ሲስተም የለም" ሲል ዋለ፤ ተራ ይዘው የነበሩት ለነገ ተቀጠሩ፤ አንዲት አሮጊት "ሲስተም የሚባለው ሰውዬ መቼ ነው ሥራ የሚገባው?" ብለው ጠየቁ። ማሽኖቹ ግን ማንም ሳይነካቸው እንደወደቁ ቆዩ፣ ጽሑፋቸውም ስክሪኑ ላይ።

ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው። ቁልፉ ተሰጥቶት ሲገባ አብሬው ገባሁ፤ ሻምበል ቁልፉን አይቶ እኔን አላየኝም። ባለሙያው በሹክሹክታ "እኔ የማውቀው ማጥፋትና ማብራት ነው፤ እሱን ደግሞ ከለከሉኝ" አለኝ። ቀጥሎም "የምትሠሪውን ሥሪ፤ እኔ ገመድ እያየሁ ነው" ብሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። የታካሚ ስም የታየበትን ስክሪን ፎቶ አላነሳሁም። የቀሩትን አነሳኋቸው። ሁሉም የሞቱት አንድ መስመር ላይ ነው። እስከዚያ መስመር ድረስ ማንበብ እችላለሁ፤ ከዚያ በታች ያለው ያንተ ነው።

እናታችን ለምን በሰዓቴ እንደምገባ መጠየቋን ትታለች። ምን ብለህ እንደጻፍክላት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እህትህ

ጥር 28

እታለም፣

ከአንዱ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ "ጥፋቱ የማነው?" ብለሽ ጽፈሻል። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፋይል በኔትወርክ ከሌላ ማሽን የሚያመጣው ክፍል ውስጥ ስህተት አለ። ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ለኮሚቴውም በዚሁ መንገድ ብትነግሪው ይገባዋል።

ደብዳቤ ጻፍሽልኝ እንበል። መልሱ ሲዘገይብሽ ተስፋ ቆርጠሽ ቤቱን ለቀቅሽ፤ ሌላ ተከራይ ገባበት። ፖስተኛው ዘግይቶ መልሴን ይዞ መጣ። ደህና ፖስተኛ አንኳኩቶ "የሉም" ሲባል ይመለሳል። ይህኛው ግን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ አዲሱ ተከራይ የተኛበት አልጋ ላይ ደብዳቤውን ዘርግፎ ወጣ። ቤቱ በማሽኑ ትውስታ ውስጥ ለመልሱ የተያዘ ቦታ ነው፤ የገባበት ተከራይ የማሽኑ ልብ ከሆነ፣ ማሽኑ እዚያው ይወድቃል።

ኮምፒውተሮቹ እንደ ድሮው እስከ መጨረሻው ቢጠብቁ ኖሮ ቤቱ አይለቀቅም፣ ስህተቱም አይታይም ነበር። አንቺ ጥቂት ጠብቀው እንዲተዉ አደረግሽ። ይህ የተፈቀደ ነው፤ መመሪያው ላይ ሁለቱም አማራጮች አሉ። በተፈቀደ በር የገባ ሰው ጣሪያው ቢወድቅበት የሚጠየቀው ጣሪያውን የሠራው ነው። ሰርቨሩ በዘገየ ቁጥር እንደማይወድቁም ልብ በይ። ፖስተኛው የሚገባው ተከራዩ አልጋው ላይ ባለበት ቅጽበት መሆን አለበት።

ሻምበልን አመስግኝልኝ። ትእዛዝ እንደሱ የሚያነብ ማሽን እንጂ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉን ግን አጥርቼ ባለመጻፌ ይቅርታ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ለውጡን አድርጊ ያለሽ ማነው? ካንቺ እንዳልመነጨ አውቃለሁ። እስካሁን ያልጻፍሽልኝ ረስተሽው አይመስለኝም።

እኛ ጋ ያለው ቦታ እስከ የካቲት መጨረሻ ክፍት ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 3

ጋሼ፣

የውጭው ባለሙያ ኮምፒውተሮቹን እንደ ድሮው እንዲጠብቁ አድርጎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም።

ይህ ደስ ሊለኝ የሚገባ ነገር ነበር። ኮሚቴው ግን እንዲህ ይላል፦ እሷ ስትለውጠው ወደቀ፣ ሲመለስ ቆመ፣ ታዲያ ምን ይጣራል? የፖስተኛውን ነገር ነገርኳቸው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ "ተረት ነው ወይስ ማስረጃ?" አለችኝ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ሁሉም አዩዋቸው፣ ማንም አላነበባቸውም። አልፈርድባቸውም።

ማነው ላልከው፣ ቀዶ ሐኪሙ ነው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመኝና "መልስ የማይሰጥ ማሽን ፊት ቆሜ አልሸብትም፤ ወይ ይስጠኝ ወይ ይተወኝ" አለ። ትክክል ነበር። ያኔ ሰርቨሩ ሲያዘግም ስክሪኑ ተገትሮ ይቀር ነበር፤ ሐኪሙ ሌላ ምስል እንኳ መክፈት አይችልም። ስለዚህ ለወጥኩት። በጽሑፍ ይሁንልኝ አላልኩም። የምናወራው እኮ እግረ መንገዳችንን ነበር።

አሁን እሱ የኮሚቴው አባል ነው። ብቻውን ሳገኘው "እርስዎ ያሉኝን ያስታውሳሉ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ብዬ ይሆናል" አለ።

"ብለዋል፣ ዶክተር።"

"ብዙ ነገር እላለሁ። የምለውን ሁሉ የምታደርጉት ግን አይመስለኝም ነበር።"

ክፉ ሰው አይደለም። ያን ዕለት እጁን ይዞ የቆመው እሱ ነው፤ ቢወድቅበት ሊሞት የሚችለው ሰው ፊቱ ተኝቶ ነበር። አሁን መውደቁ የጀመረበት ለውጥ ከሱ አፍ የወጣ መሆኑን መስማት አይፈልግም። እኔ በስብሰባው ስሙን አላነሳሁም።

እናታችን አወቀች። ከኔ አይደለም፣ ካንተም እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ነርስ ናት። አልተቆጣችኝም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሁሉን ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ "የወደቀ ነገር ማንሳት እንጂ ምን ኮሚቴ ያስፈልገዋል?" አለችና ልብስ ልታጥፍ ሄደች።

እህትህ

የካቲት 9

እታለም፣

የስህተቱን ማስተካከያ ጽፌ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሠሪዎች ልኬዋለሁ። ተቀባይነት ገና አላገኘም።

"ስንት ሰው ነው የሚወስነው?" ብለሽ በመልእክት ጠይቀሻል። አንድ። ያንን የሲስተሙን ክፍል ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ የኖረ ሰው አለ፤ በዓይን አይቼው አላውቅም፣ በየሥራ ቦታው ሽማግሌው ነው የምንለው። ያለ እሱ ይሁንታ አንዲት ፊደል አትገባም። የጻፈልኝ ይህን ነው፦ "ግምትህ ጥሩ ነው። ሲወድቅ አሳየኝ።" ሰላምታም የለው። እኔ ግን አከበርኩት። ሲወድቅ ሳያይ ቢያስገባው በስንት ሺህ ማሽን ላይ ሌላ ስህተት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ሞከርኩት። አልወደቀም። ሰርቨሩን እያቆምኩ፣ እየለቀቅኩ፣ ደጋግሜ ሞከርኩት። የኛ ሰርቨር አዲስ ነው፤ ሲመለስ ቶሎ ይመልሳል። የናንተው አሮጌ ነው፤ ሲደናገጥ ይቆይና ያለፈበትን መልስ በሙሉ አንድ ላይ ይዘረግፋል። ያንን እዚህ መሥራት አልቻልኩም። መውደቁን ማየት የሚቻለው እናንተ ጋ ብቻ ነው፣ በዚያው ሰርቨርና በዚያው ኮምፒውተሮች፤ አንቺ ያደረግሽው ለውጥ ተመልሶ።

በሌላ አነጋገር፣ የምትፈልጊው ማስረጃ የሚገኘው ማሽኖቹን አውቀሽ በመጣል ነው። ሽማግሌው ካየው ስህተቱ የሲስተሙ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ያንን ማንም ኮሚቴ ተረት ሊለው አይችልም። ሆኖም ላይወድቅ ይችላል። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ወንድምሽ አይደለሁም። አንድ ሙሉ ቀን ስታዘገዪው ውለሽ ሳይወድቅ ሊቆም ይችላል። ያኔ የቀረሽን ሰው ሁሉ ታጪያለሽ።

እኔ ብሆን አልሞክረውም። እዚህ ነይ። ለአሠሪዬ "ትመጣለች" ብዬዋለሁ፤ ሳልጠይቅሽ ነው፣ ይቅርታ። ከኮሚቴ ጋር ተከራክሮ ቁልፍ ያስመለሰ ሰው አላየሁም።

ለእናታችን እኔ አልነገርኳትም። የጻፍኩላት "ሰው አግኝታ ይሆናል፣ ዝም በያት" ብዬ ነበር። በሰዓትሽ የምትገቢበት ሌላ ምክንያት አልመጣልኝም።

ወንድምሽ

የካቲት 15

ጋሼ፣

ማሽኖቹን ልጣላቸው ብዬ ኮሚቴውን ጠይቄያለሁ።

ሰው አግኝታ ይሆናል ያልከው ነገር ለጊዜው ይቆየን። እናታችን አንድ ሰሞን ሸሚዜን ራሷ ትተኩስልኝ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

እንዴት እንደነገርኳቸው በመልእክት ጠይቀሃል። ያንተን ደብዳቤና የሽማግሌውን አንድ መስመር አነበብኩላቸው። ጥያቄዬንም አቀረብኩ፦ እሑድ፣ ቀጠሮ ያለው ታካሚ በሌለበት ቀን፣ ለድንገተኛ የሚሆን አንድ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ተነጥሎና የሚያስፈልጉት ምስሎች ተገልብጠውለት፣ የቀሩት ወደ እኔ ለውጥ ይመለሱ፤ ከዚያ ሰርቨሩን እያዘገየሁ፣ ኮሚቴው እያየ። የምስሎቹ ሁሉ ሌላ ቅጂ አለ፤ የሚጠፋ ነገር አይኖርም።

አስተዳዳሪው መነጽሩን አወለቀ።

"እንዳይወድቅ እኮ ነው የቀጠርንሽ። አሁን ልጣለው ነው የምትይው?"

"አዎ። እናንተ ባላችሁበት።"

"ከወደቀስ ምን ታተርፊያለሽ?"

"ለምን እንደሚወድቅ እናውቃለን። ይስተካከላል። ዶክተሮቹም ተገትሮ የሚቀር ስክሪን ፊት መቆም ይቀርላቸዋል።"

ይህን ስል ወደ ቀዶ ሐኪሙ አላየሁም። የሰው ኃይል ኃላፊዋ "ባይወድቅስ?" አለች።

"ላይወድቅ ይችላል" አልኳቸው። እንደጻፍክልኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። "ካልወደቀ በማግስቱ መልቀቂያዬን አቀርባለሁ፤ እናንተም መሰብሰባችሁ ይቀራል።"

ይህን በያቸው አላልከኝም። እንደምትቆጣም አውቃለሁ፤ ደብዳቤ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ግን አስበው፤ ባልጠይቅ የሚያሰናብቱኝ ማሽኑ ሳይወድቅ ስለቆመ ነው፤ ብጠይቅ ቢያንስ ሊወድቅ የሚችልበት አንድ ቀን አለኝ። አንተ ጋ ብመጣም ኮምፒውተሮቹ እዚህ ተገትረው ይቀራሉ፣ እኔም "የጣለችው" ሆኜ።

ከዚያ አስተዳዳሪው ቀዶ ሐኪሙን "ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ይህን ለውጥ ማን እንዳዘዛትም አልሰማንም" አለው።

ሐኪሙ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አየኋቸው፤ ረጃጅም ናቸው።

"መጀመሪያ ይውደቅ" አለ። "ከዚያ እናገራለሁ።"

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ደርሶብኝ ስንት ሰዓት እንደምጀምር ጠየቀኝ። ጠዋት አልኩት። ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ለአሠሪህ ትመጣለች በለው አልልህም፣ አትመጣም በለውም አልልህም። እናታችን ለምን እንደምትጸልይ ግራ ገብቷታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ "ይቁም" ማለት ነው የለመደችው። እኔም ያው ነኝ። ጠዋት በገባሁ ቁጥር መቆማቸውን ሳይ ልቤ ያርፍ ነበር። ዛሬ እንደቆሙ አገኘኋቸው፣ ልቤም አላረፈም።

ኮሚቴው ይፍቀድ አይፍቀድ ሐሙስ፣ የካቲት 20፣ በጽሑፍ ያሳውቀኛል። ከፈቀደ እሑድ ጠዋት እጀምራለሁ።

እህትህ